አባቴ ስኳር አለበት፣ ተማሪዎቹን ይዞ መስክ መውጣቱን ግን አልተወም፤ ለተማሪዎቹ ልንገራቸው?

የመምህር ልጅ (ባሕር ዳር)

ሰላም ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

አባቴ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፣ ጂኦግራፊ ያስተምራል። ስኳር ከያዘው ብዙ ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ በኪኒን ነበር፣ አሁን ኢንሱሊን ይወጋል። ደም ግፊትም አለበት። ጡረታው ተቃርቧል። እኔና እናቴ ከእንግዲህ ቀለል ያለ ሥራ ይይዛል ብለን ስንጠብቅ እሱ ጭራሽ ባሰበት። ሴሚስተሩ ስለተጣበበ የመስክ ጉዞዎቹ በሙሉ ቅዳሜና እሁድ ላይ ተደራርበዋል። አንዱን ሳምንት ፎገራ ሜዳ ሩዝ ማሳ ውስጥ ነው። ሌላውን ጭስ ዓባይ። ከዚያ በጀልባ ዘጌ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ደግሞ በደብረ ታቦር በኩል ጉና ተራራ።

ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ጣና 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለው። ርብና ጉማራ ከዚያ ተራራ ተነሥተው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው፣ አፈሩን ተሸክመው ጣና ይገባሉ። አባቴ ተማሪዎቹ ይህን መንገድ ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው እንዲያዩት ነው የሚፈልገው። ጉና ላይ የታረሰውን ዳገት ያላየ ልጅ ሐይቁ ለምን እንደደፈረሰ፣ ደለሉ ከየት እንደመጣ፣ እምቦጭ የሚባለው አረም ለምን በዚያ በኩል እንደተመቸው አይገባውም ይላል። ልክ ነው። እኔም ልጅ ሆኜ ይዞኝ ሄዷል፣ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስለዚህ ሥራውን ንቄ አይደለም የምጽፈው።

ችግሩ ሕመሙን መደበቁ ነው። ከተማሪዎቹ አንድም የሚያውቅ የለም። ሹፌሩም አያውቅም። ማስረዳት ከጀመረ ምሳ ይረሳል። ኢንሱሊኑን በቦርሳ አድርጎ አውቶቡስ መስኮት ሥር ያስቀምጠዋል፣ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። ማታ ሲመጣ ሸሚዙ በላብ ርሶ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ምን ሆንክ ሲሉት "ደክሞኝ ነው" ብሎ ይተኛል። ሐኪሙ ጉዞ ቀንስ ብሎታል። እሱ ደግሞ "ቤት ከተቀመጥኩ ያኔ ነው የምታመመው" ይላል።

እናቴ ለዲፓርትመንቱ ኃላፊ ደውለን እናስከልክለው ትላለች። እኔ ኮርሱን ይነጥቁታል ብዬ እፈራለሁ፣ ያ ደግሞ ከስኳሩ በላይ ነው የሚጎዳው። ከተማሪዎቹ አንዱ ጎረቤታችን ነው። ለሱ ብቻ በጎን ብነግረውስ? ወይስ ክህደት ይሆንብኛል? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

—

ፊት ለፊት

እህቴ፣ ይቅርባቸው። እናትሽ ልክ ናቸው። ለኃላፊው ደውሉና ይከልክሏቸው። ይቀየማሉ፣ ይቀየሙ። ኮርሱን ሌላ መምህር ያስተምረዋል፣ አባት ግን ሌላ የለሽም። ደግሞ አንድ ነገር አስቢ፣ እነዚያ ልጆች በሳቸው ኃላፊነት ነው የሚወጡት። መምህሩ ጉና ላይ ቢወድቁ የሚጎዱት እሳቸው ብቻ አይደሉም፣ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ልጅ ነው መሪ የሚያጣው።

—

ሲስተር ነኝ

ውድ እህቴ፣ ነርስ ነኝ፣ የስኳር ክትትል ክፍል ሠርቻለሁ። የጻፍሽውን ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። ላብና የእጅ መንቀጥቀጥ። ይህን ድካም ብላችሁ አትለፉት። ኢንሱሊን ተወግቶ፣ ምሳ ዘልሎ፣ ቀኑን ሙሉ በእግሩ የሄደ ሰው ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የስኳር መውረድ ነው። ያን ጊዜ ወዲያው ይለካ። ከ70 mg/dL በታች ከሆነ ወርዷል ማለት ነው። መለኪያ ከሌለና ምልክቱ ካለ ደግሞ ሳትለኩም እንደወረደ ቆጥራችሁ አክሙ።

እንዴት ይታከማል፣ ሰውየው ነቅቶ መዋጥ ከቻለ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ። ለስላሳው ግን ስኳር ያለው ይሁን፣ "ዜሮ" የተባለው ምንም አይጠቅምም። 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት። ካልተነሣ መድገም። ከተነሣ በኋላ ምግብ። ብዙ ሰው ኪሱ ውስጥ ቆሎ ይዞ "ስንቅ አለኝ" ይላል። ቆሎ ጥሩ ምግብ ነው፣ ለዚያች ሰዓት ግን አይደርስም፣ ቀስ ብሎ ነው ወደ ደም የሚገባው። ቆሎው ስኳሩ ከተነሣ በኋላ ይበላ።

ሰውየው ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም ነገር እንዳታስገቡ። ማርም ቢሆን። ወደ ጎን አስተኝቶ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ነው። በዚያ የጉና መንገድ ከሆነ ቅርቡ ደብረ ታቦር ነው።

ሌላው የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ስም እዪልኝ። አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል ዓይነት ከሆነ የልብ መምታቱንና መንቀጥቀጡን ሊደብቅ ይችላል፣ ሰውየው ስኳሩ እየወረደ ሳይታወቀው ሊሄድ ይችላል። ላቡ ግን ይኖራል። ስለዚህ አብሮ ያለ ሰው ማየት ያለበት ላቡን፣ የንግግር መወላገዱን፣ ያለ ምክንያት መቆጣቱን ነው።

ኢንሱሊኑን ፀሐይ ላይ ማዋል ገንዘብ ማቃጠል ብቻ አይደለም፣ ሙቀት ጉልበቱን ይገድለዋል፣ በኋላ የወጉት የማይሠራ ውኃ ይሆናል። የተከፈተው ብልቃጥ ቀዝቀዝ ያለ ጥላ ቦታ ከተቀመጠ 4 ሳምንት ያህል ይቆያል። ለጉዞ ትንሽ የሸክላ ዕቃ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ማስቀመጥ በቂ ነው። በረዶ ላይ ግን በቀጥታ አይሁን፣ ከቀዘቀዘና ከጠጠረ ያም ይበላሻል። ጉና ላይ ሲሆን ደግሞ መለኪያውን ከጃኬት ውስጥ ኪስ ያድርጉት፣ ብርድ ሲመታው አንዳንዱ ማሽን በትክክል አያነብም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ከጎናቸው ያለ ሰው የግድ ማወቅ አለበት። ሐኪሙ ባሕር ዳር ነው፣ እኔ እዚህ ነኝ፣ አንቺ ቤት ነሽ። እዚያ ሜዳ ላይ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሊደርስላቸው የሚችለው አጠገባቸው የተቀመጠው ተማሪ ብቻ ነው።

—

ተመራቂ

ሲስተር ያለችው ልክ ነው፣ እኔ ምስክር ነኝ። እኛ ተማሪ እያለን አንድ የምንወደው መምህር ነበረን፣ ትምህርት ቤቱንም ሰውየውንም አልጠራም። መስክ ወጥተን ከሰዓት በኋላ በድንገት ሰውየው ሌላ ሆነ። ቃል ይደጋግማል፣ የጠየቅነውን አይመልስም፣ አንዷን ልጅ ያለ ምንም ነገር ተቆጣት። ከኋላ ያሉት ልጆች ጠጥቷል እያሉ ማንሾካሾክ ጀመሩ። ቪዲዮ የቀረጸም ነበር። እኛ ምን እናውቃለን? በመጨረሻ የሻይ ቤት ሴትዮ ናት ያየችው። "ልጆች፣ ይሄ ሰውዬ ስኳር አለበት ወይ? ባሌ እንዲህ ይሆናል" ብላ ሻይ ውስጥ ስኳር ደፍታ በትዕግሥት አጠጣችው። ቀስ እያለ ተመለሰ።

ያኔ ያመመኝ ስለሱ የተወራው ነው። ለስንት ዓመት ያከበርነው ሰው በአንድ ከሰዓት ሰካራም ተባለ። አስቀድሞ ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳን ቢያውቅ ይህ አይመጣም ነበር። አባትሽ የሚደብቁት ክብራቸውን ለመጠበቅ ይመስለኛል፤ እመኚኝ መደበቁ ነው ክብራቸውን የሚያስነካው።

—

ወንበሬ ዳር

እኔም መምህር ነኝ፣ ባሕር ዳር፣ ሌላ ትምህርት ክፍል። ደም ግፊትና የጉልበት ሕመም አለብኝ። ከአባትሽ ወገን ሆኜ ልናገር።

ፊት ለፊት ወንድሜ፣ "ይከልክሏቸው" ማለት ለአንተ ቀላል ነው። ሰውየው ዕድሜ ልኩን የገነባው ኮርስ ነው። በደብዳቤ ከመስክ ከታገደ ስሙ "የታመመው መምህር" ይሆናል፣ ከዚያ የሚቀጥለው ኮርስ፣ ከዚያ የማማከር ሥራው፣ እያለ ይነጠቃል። እኛ ዘንድ ሕመም የሚደበቀው በከንቱ አይደለም። እናም ግልጽ እንነጋገር፣ የመስክ ውሎ አበል አለ። ብዙ አይደለም። ግን በዛሬ ኑሮ የመምህር ደመወዝ ላይ ስትጨመር መድኃኒት ትገዛለች፣ የመለኪያውን ስትሪፕ ትገዛለች። አባትሽ ይህን ለልጁ አይነግራትም። እኔም ለልጆቼ አልነግራቸውም።

ስለዚህ መከልከል ሳይሆን ጉዞውን ማስተካከል ነው የሚሻለው። አንድ መንገድ ልንገርሽ። ለዲፓርትመንቱ የሚጻፈው ስለ ሕመም መሆን የለበትም። "የተማሪው ቁጥር ብዙ ነው፣ ተራራና ጀልባ ያለበት ጉዞ ላይ አንድ መምህር አይበቃም፣ ረዳት ይመደብልኝ" ብለው ራሳቸው ይጻፉ። ይህ ውሸት አይደለም፣ እውነት ነው፣ ለልጆቹም ደኅንነት ይጠቅማል። ወጣት ረዳት ምሩቃን አሉ፣ መስክ መውጣት የሚወዱ፣ ከእንዲህ ያለ ሰው መማር የሚመኙ። ከዚያ ረዳቱ ጉና ላይ ልጆቹን ይዞ ይወጣል፣ አባትሽ ከታች አውቶቡሱ ጋር ይቆያሉ። ልጆቹ ሲወርዱ ያዩትን ይጠይቋቸዋል። እኔ ጉልበቴ ሲብስ እንዲህ አድርጌ ያየሁት ነገር አለ። ልጆቹ መምህሩ አብሮ ሲወጣ እሱን ነው የሚያዩት፣ መምህሩ ከታች ሲጠብቅ ግን ተራራውን ያያሉ፣ ምክንያቱም ሲወርዱ ጥያቄ እንዳለ ያውቃሉ።

ለጎረቤት ልጅ በጎን መንገር ግን አልደግፍም። ተማሪ ነው፣ ውጤቱ በአባትሽ እጅ ነው። ያን ምሥጢር ማሸከም ለልጁ ከባድ ነው። አባትሽም ቢደርሱበት አንቺን ዳግም አያምኑሽም። ራሳቸው ይንገሩ። አንቺ እስኪነግሩ ድረስ አትልቀቂያቸው።

—

ፊት ለፊት

መምህር፣ በአክብሮት ነው የምናገረው። አበሉ ገብቶኛል፣ ስሙም ገብቶኛል። ግን "አትልቀቂያቸው" ብለህ ለልጅቷ ትተህላት ሄድክ። እሷ ስትለምን፣ እሳቸው እንቢ ሲሉ፣ ቅዳሜ ደርሶ ጀልባው ላይ ይወጣሉ። ጣና መሐል ላይ ራሳቸውን ቢስቱ ማን ሊደርስላቸው ነው? ለጎረቤቱ ልጅ ትንገረው። ይቀየሙ።

—

ዘጌ

ስለ ጀልባው የኔን ልጨምር። ዘጌ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ ቤተሰቤ ጀልባ ላይ ነው የሚሠራው። ከባሕር ዳር ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከተማሪ ጋር ሲሆን መጫኑ፣ ማውረዱ፣ ቆጠራው አለ፣ ይረዝማል። ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ያለ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፣ ማዕበሉ ያይላል፣ ያኔ ጀልባው ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። እህታችን፣ አባታችን በጠዋት ይውጡ፣ ምሳ ሰዓት ሳያልፍ ይመለሱ። ብዙ መምህራን ጠዋት አርፍደው ይነሡና ሲመለሱ ነፋሱ መሐል ይገባሉ፣ በዚያ ላይ ምሳ አልበሉም።

ሌላው እግር ነው፣ ሲስተርም አላነሣችውም። ከወደቡ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወጣው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ነው፣ ድንጋይና ሥር የበዛበት። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሲደርሱ ጫማ ይወልቃል። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሲደነዝዝ እሾህ ቢወጋው፣ ፀሐይ የመታው ድንጋይ ቢያቃጥለው አይሰማውም። አጎቴ ከዚህ ነው እግሩ የቆሰለው፣ ብዙ ተሠቃየ። ወፍራም ካልሲ ያድርጉ። በካልሲ መግባት ማንም አይከለክልም፣ አባቶችም ምክንያቱን ካወቁ ይረዳሉ።

ደግሞ ጀልባ ነጂው ይወቅ። ከተማሪዎቹ በፊት እሱ ይወቅ። ሞተሩን የያዘው እሱ ነው፣ በፍጥነት መመለስ ቢያስፈልግ የሚወስነው እሱ ነው።

—

ሲስተር ነኝ

ዘጌ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እግሩን ሳልጽፍ ማለፌን አንተ ሞላህልኝ። ማታ ማታ ሁለቱንም እግር፣ በጣቶቹ መካከልና ውስጥ እግሩን ጭምር፣ አንድ ሰው ይይላቸው። ጫማ ከማድረጋቸው በፊት በእጃቸው ውስጡን ይዳብሱት፣ ጠጠር ቢኖር እግራቸው ላይነግራቸው ይችላል። ፎገራ ሲሄዱ ደግሞ ሩዝ ማሳው ረግረግ ነው፣ ባዶ እግር በፍጹም። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ወቅት ወባውም እዚያ ሜዳ ላይ ይበረታል፣ ትኩሳት ደግሞ ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ከፎገራ መልስ ትኩሳት ከያዛቸው "ጉንፋን ነው" ሳይባል ይመርመሩ።

—

የመምህር ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከልቤ። የግፊት መድኃኒቱን አየሁት ሲስተር፣ አቴኖሎል ነው። የነገርሽኝን ለእናቴ ስነግራት አለቀሰች።

መምህር፣ የአበሉን ነገር በጭራሽ አስቤው አላውቅም ነበር። ስትሪፕ ለምን እየቆጠበ እንደሚጠቀም አሁን ገባኝ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ቀርቻለሁ። አባቴ ጾመኛ ነው። ረቡዕና ዓርብ ብቻ አይደለም፣ ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታን፣ ሁሉንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል። አንዳንዱ ጉዞ ጾም ላይ ይወድቃል። ኢንሱሊን ተወግቶ፣ ምንም ሳይቀምስ ጭስ ዓባይ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ስለዚህ ምን እንደምለው ጨንቆኛል፣ እምነቱን መንካት ስለሚመስለኝ።

—

ዲያቆን

እኅታችን፣ ይህን አንቺ አትናገሪው፣ የንስሐ አባቱ ይናገሩት። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው ጹም ብላ አታስጨንቅም። የንስሐ አባት የሕመሙን ዓይነት ሰምተው ሰዓቱን ሊያሳጥሩለት፣ ጠዋት በልቶ መድኃኒቱን እንዲወስድ ሊያዙት ይችላሉ፣ በጾም ፈንታ ጸሎት፣ ስግደት ከቻለ፣ ምጽዋት ሊሰጡት ይችላሉ። የጾም ምግቡን እንደጠበቀ ሰዓቱን ብቻ መተው አለ። ብዙ አባቶቻችን ለስኳር ሕሙማን እንዲህ ያደርጋሉ። አንዳንድ ሰው ለሐኪም "እሺ" ብሎ ይወጣና አይፈጽምም፣ የንስሐ አባቱ ያዘዙትን ግን አይሽርም። እናትሽ ቤት ጠበል ጻዲቅ ብላ ትጥራቸው፣ ቡና አፍሉ፣ አባትሽ ባለበት እናትሽ ትናገር። አንቺ ዝም በይ።

—

ወንበሬ ዳር

ዲያቆን የተናገረው ከሁላችንም ይበልጣል። እኔ ያላሰብኩት ነው።

ፊት ለፊት ወንድሜ፣ ያልከውን ደግሜ አነበብኩት። ልክ ነህ፣ ሁሉን ለልጅቷ መጣል አይገባም። ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት እንቢ ካሉ ለረዳቱ ወይም ለሌላ የሥራ ባልደረባ ትንገር፣ ተማሪ ላልሆነ ሰው። ባልደረባ ምሥጢር መያዝ ይችላል፣ ውጤቱም በአባትየው እጅ አይደለም። በዚህ እንስማማ።

—

ፊት ለፊት

እስማማለሁ። ሰው ይኑር ነው ያልኩት፣ ማን ይሁን አላልኩም። ግን ቅዳሜ ሳይደርስ።

—

የመምህር ልጅ

ወደናንተ ተመልሼ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

የንስሐ አባቱ መጡ። እናቴ ናት የተናገረችው፣ እኔ ዲያቆን እንዳለኝ ቡናዬን እያፈላሁ ዝም አልኩ። የንስሐ አባቱ ብዙ አልተናገሩም። "ልጄ፣ ጠዋት ብላ፣ መድኃኒትህን ውሰድ፣ ይህን ያዘዝኩህ እኔ ነኝ" አሉት። አባቴ ተነሥቶ መስቀል ተሳለመ፣ አንድ ቃል አልመለሰም።

ማታ እኔ ስለ ተማሪዎቹ አነሣሁበት። የተመራቂን ታሪክ እንዳለ አነበብኩለት። ሰካራም ተባለ የሚለው ላይ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ለክፍሉ በሙሉ አልናገርም፣ ልጆቹ እየተጨነቁ እንዲያዩኝ አልፈልግም አለ። ለክፍሉ ተጠሪ፣ ለሹፌሩና ለጀልባ ነጂው ግን ራሱ ይነግራል። ረዳት እንዲመደብ ደብዳቤውን ጽፏል፣ መምህር እንዳልከው ስለ ልጆቹ ብዛት ነው የጻፈው። ጉና ላይ ከታች መቆየቱን እሺ ብሏል፣ ምንም እንኳ እንዴት እንደከበደው ፊቱ ላይ ባየውም። ዘጌን ግን ማንም አያስቀረኝም አለ። እኔም አልገፋሁም። ካልሲ ገዝቼለታለሁ፣ ስኳርና ለስላሳ በቦርሳው የፊት ኪስ አድርጌያለሁ፣ የትኛው ኪስ እንደሆነ ተጠሪዋ እንድታውቅ ይነግራታል።

ሲስተር፣ የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ብዙ በሚሄድበት ቀን የጠዋቱን ኢንሱሊን ይቀንስ እንዴ? እሱ በራሱ ግምት ሲቀንስ አይቻለሁ።

—

ሲስተር ነኝ

በግምት አይቀንሱ፣ እኔም ከዚህ ሆኜ ቁጥር አልሰጥሽም። እግር ጉዞ ባለበት ቀን መቀነስ የሚያስፈልጋቸው ብዙዎች ናቸው፣ ግን ስንት የሚለውን የሚወስነው የሚከታተላቸው ሐኪም ነው፣ እሱም ቁጥር ካየ ነው። ስለዚህ በመጪው ጉዞ ደብተር ይያዙ። ከመውጣታቸው በፊት፣ ከምሳ በፊት፣ ሲመለሱ፣ ከመተኛታቸው በፊት ለክተው ይጻፉ። የመኝታው እንዳይቀር፣ ብዙ የሄደ ሰው ስኳሩ ሌሊት ላይም ሊወርድ ይችላል። ከመለካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠቡ፣ ማንጎ በነካ ጣት ከተለካ ውሸት ያነባል። ጠዋት ከ100 በታች ሆኖ ካገኙት አንድ ነገር በልተው እንጂ አይነሡ። ደብተሩን ይዛችሁ ሐኪሙ ጋ ሂዱና ለመስክ ቀን የተለየ መጠን ይጻፍላቸው። አቴኖሎሉንም አንሡለት፣ የሚቀየር ከሆነ እሱ ይወስናል፣ በራሳችሁ ግን በድንገት እንዳታቋርጡት።

—

ዘጌ

የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ እህታችን። ጀልባው የኛ ባይሆንም ወደቡ ላይ ሰው አለኝ፣ ሽቅቡን ለመውጣት ከደከማቸው ከታች አዝዋ ማርያም አለች፣ ለወደቡ ቅርብ ናት፣ ረዳቱ ልጆቹን ይዞ ዑራ ሲወጣ እዚያ ጥላ ሥር ሊያስተምሩ ይችላሉ።